የቆየ መርዶ

«ትልቁን ብረት ድስት ብቻ ነው ወይስ ትንሹንም ላውጣው?» አለች እቴነሽ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ እያወለቀች።

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ከተራራው የወረደው ጉም አጥሩ ላይ እንደተኛ ነው፤ አስፋልቱ ላይ አንድ የጫት አይሱዙ ክላክሱን እያምባረቀ ቁልቁል ተፈተለከ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ጎረቤቶች በዚህ ሰዓት እቴነሽ ደጅ ከቆሙ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል፣ ዕቃ ይፈለጋል። እቴነሽ የዕድሩ ዕቃ ያዥ ናት። ድስቱም፣ ትሪውም፣ አግዳሚውም በእሷ እጅ ነው። ብርጭቆ ሰብሮ ሳይናገር የመለሰ ሰው ካለ በሄደበት ሁሉ ታነሳበታለች፤ በክርስትና ቤት ሳይቀር።

«ማነው ደግሞ? ጋሽ ህሩይ ናቸው አይደል? ትናንት ሲስሉ ሰምቼ ይህ ሳል ደህና አይደለም ብዬ ነበር።»

ከሰዎቹ ኋላ አንድ ሳል ተሰማ።

«አለሁ እቴነሽ» አሉ ጋሽ ህሩይ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ብቅ እያሉ።

«ውይ! እንኳን አልሆኑ ጋሼ። እንግዲያው ማነው?»

«እትዬ፣ ዕቃው ይቆየን» አለ የዕድሩ ዳኛ ወንድምአገኝ። «መጀመሪያ ገባ ብለን እንቀመጥ።»

«ምን ዕቃው ይቆያል! እናንተ ወንዶች ለቅሶ ማለት ድንኳን መትከል ብቻ ይመስላችኋል። ሽንኩርቱ በመዳፋችሁ ላይ ነው የሚቁላላው?»

ይህን እያለች ዕቃ ቤቱን ከፈተችና ትልቁን ብረት ድስት አምጥታ ለቶሌሳ አሸከመችው። ቶሌሳ አጥር የሚጋራት ብረት በያጅ ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ ለቅሶ ቤት ገብቶ መዝሙር እንጂ ሙሾ አይወድም፤ ሰው ግን ነው። ድስቱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። ሊያስቀምጠው ቢያጎነብስ እቴነሽ «መሬት አይንካ፣ ታጥቦ ነው ያለው» አለችው። ታቅፎት ገባ።

ሁሉም ገብተው ተቀመጡ። ያኔ ነው እቴነሽ የሺሐረግን ያየቻት፤ በር ስር፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። ይሄ አልዋጥላት አለ። የሺሐረግ ጓደኛዋ ናት፤ በዚህ ሰፈር ማንም ይሙት ማን የመጀመሪያውን ጩኸት የምትለቀው የሺሐረግ ናት። አንዴ እንዲያውም ሞተ የተባለው ሰው ሳይሞት ጩኸቷን ለቃ በሽተኛውን በድንጋጤ አስነስታዋለች። ዛሬ ዝም ብላለች።

ወንድምአገኝ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ሰው ልጅ መንገድ መናገር ጀመረ። ይህን ንግግር እቴነሽ በቃሏ ታውቀዋለች። በስንት ቤት፣ በስንት ማለዳ፣ የሐዘንተኛውን ክርን ይዛ ቆማ ሰምታዋለች። ክርን የሚያዘው መርዶው ሲነገር ሰውየው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ነው። ወደ ራሷ ክርን ዝቅ ብላ አየች። በግራ በኩል ሻይ ቤት ያላት ሰዓዲያ ይዛታለች። በቀኝ በኩል ቶሌሳ አንድ እጁን ከድስቱ አላቆ ይዟታል።

«ሰዓዲያ» አለች ቀስ ብላ፤ «እኔን ነው የያዝሽው?»

«አይ እትዬ... ብርድ ነው ብዬ።»

እቴነሽ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ የላትም። መርዶው የሚነገራት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የቀራት።

«ሃጎፕ ነው» አለች።

«አይደለም» ያላት የለም።

*

ሃጎፕ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሙሴ ሰርኪስ ልጅ ነው። ሙሴ ሰርኪስ አርመን ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በአሰበ ተፈሪ አርመኖች ነበሩ፤ ብዙ ባይሆኑም ነበሩ። አንዱ ጫማ ይሰፋል፣ አንዱ ከመቻራ የሚመጣውን ቡና ይሰበስባል፣ አንዱ ሰዓት ይጠግናል። የእቴነሽ እናት ሙሴ ሰርኪስ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የሃጎፕ እናት ወተት አልወርድ ሲላት ሁለቱንም ያጠባችው የእቴነሽ እናት ናት፤ በአንዱ ጡት እቴነሽን፣ በሌላው ሃጎፕን። ስለዚህ ወንድሟ ነው። ሌላ ማስረጃ የጠየቃት ካለ ጡቱን ለማሳየት እናቷ በሕይወት የለችም።

ደርግ መጥቶ ወፍጮው ሲወረስ አርመኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሃጎፕ አውቶቡስ ሲሳፈር ያላት አንድ ነገር ነው፤ «መቃብራችንን አደራ።»

እቴነሽ አደራውን አልበላችም። ክረምት ሲወጣ አረሙን ትነቅላለች፤ ፋሲካ ሲደርስ ድንጋዮቹን ኖራ ትቀባለች፤ ፍየል ያስገባ ሰው ካለ ፍየሉም ሰውየውም ከእሷ አያመልጡም። ከተማው አርመኖቹን ረስቷል። የባጃጅ ልጆች ከመናኸሪያው ደጅ «አርመን! አርመን! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ሰፈሩ ለምን አርመን እንደተባለ ብትጠይቃቸው የዛፍ ስም ይመስላቸዋል። የሚያስታውስ ካለ እቴነሽ ናት።

ሃጎፕም አልረሳትም። ካናዳ ሞንትሪያል ነው የገባው፤ የየሺሐረግ ልጅ ሕይወትም እግዚአብሔር ሲያደርገው እዚያው ከተማ ሥራ አገኘች። በሕይወት ስልክ ስንት ጊዜ ተነጋገሩ። ኋላ ሃጎፕ ጉሮሮውን ታመመና ድምፅ እንቢ አለው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታው በሕይወት በኩል ለየሺሐረግ፣ ከየሺሐረግ ለእቴነሽ ይመጣ ጀመር። ባለፈው ፋሲካ እንኳ «ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ ብሎሻል» ስትላት፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ ጉልበቴን አሰበልኝ ብላ እቴነሽ በደስታ አልቅሳለች።

*

አሁን ግን አላለቀሰችም። ሰው እንባዋን እየጠበቀ ነው፤ ሰዓዲያ «ኢና ሊላሂ» ብላ መሐረቧን አዘጋጅታለች።

«መቼ ነው?» አለች እቴነሽ።

ወንድምአገኝ ጋሽ ህሩይን አየ። ጋሽ ህሩይ ሳላቸው መጣ።

«ትናንት ነው?»

«ትናንት እንኳ አይደለም እትዬ።»

«በዚህ ሳምንት?»

በር ስር ያለችው የሺሐረግ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «ዓይንሽን ሞራ የተገፈፍሽ ሰሞን ነው» አለች።

የቶሌሳ ጣት ድስቱን ነካና ደወል ይመስል ድምፅ አወጣ።

እቴነሽ ዓይኗን ከተገፈፈች ወዲህ ስንት ክረምት አልፏል። በዚያን ጊዜ ሕፃን የነበረው የሰዓዲያ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል።

«ሐኪሙ እንባ እንዳይነካሽ ብሎ ነበር» አለች የሺሐረግ። «ሕይወት ደውላ ስትነግረኝ ዓይንሽ ታስሮ ተኝተሻል። እንዴት ልንገርሽ? ታለቅሺና ትታወሪ? ሲድንላት ብዬ አቆየሁት። ሲድን ፍልሰታ ገባ፤ በጾም ሆዷ ባዶ ነው አልኩ። ከዚያ የቶሌሳ ልጅ ሠርግ ሆነ...»

«ሠርጉ ላይ ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ጨፍሬያለሁ» አለች እቴነሽ።

«አዎ።»

«አንቺ ነሽ እያጨበጨብሽ ያስነሳሽኝ።»

«አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር እኮ፣ እቴ።»

«ወንድሜ ዐፈር ውስጥ ሆኖ ትከሻዬን አስመታሽኝ።» ድምፅዋን አላነሳችም። «ጉልበቴንስ የጠየቀኝ ማነው?»

የሺሐረግ አንገቷን ደፋች። ጉልበቷን የምታውቀው እሷ ናት፤ ገበያ አብረው ሲወጡ ዳገቱ ላይ ቆማ የምትጠብቃት እሷ ናት። ጥያቄው የመጣው ከካናዳ ሳይሆን ከጎረቤት ነው።

እቴነሽ ዞር ብላ ዳኛውን አየች። «አንተስ ወንድምአገኝ፣ መቼ ሰማህ?»

«እኔ እንኳ አምና ነው እትዬ። በማን አፍ ልናገር ብዬ...»

«ጋሽ ህሩይ?»

«እኔ የሰማሁት ከእሱ ነው» አሉ ጋሽ ህሩይ፣ ወንድምአገኝን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ያወቅሽ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ጥንካሬሽን አደንቅ ነበር።»

«ሰዓዲያ አንቺስ?»

«ወላሂ እትዬ፣ እኔ መጠርጠር ብቻ ነው።»

መጠርጠር ብቻ! አንድ ሰፈር ሙሉ አፉን ይዞ ከርሟል ማለት ነው። በዚህ ሰፈር የማን በግ ስንት እንደወለደ እስከ ቦርደዴ የሚሰማ ወሬኛ ሁሉ፣ ይህችን አንዷን ነገር እንደ ቁርባን ጠበቃት።

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?» አለች እቴነሽ። «ጾም አይደለም፣ ሠርግ የለም፣ ዓይኔም ደህና ነው ብላችሁ ነው?»

«ልጁ ሹሻን እየመጣች ነው» አለ ወንድምአገኝ። «የአባቴን አገር ልይ፣ የአርመኖቹንም መቃብር ልሳለም ብላ አዲስ አበባ ገብታለች። ዛሬ ትደርሳለች። ሕይወት ትናንት ነው የደወለችው። ልጅቷ መጥታ ስለ አባቷ ሞት ስትናገር ድንገት እንዳይሆንብዎት ብለን...»

«ስለዚህ መርዶውን ያመጣችሁት ለእኔ አይደለም። እንዳይጋለጥባችሁ ነው።»

ቶሌሳ ድስቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እቴነሽም አልተቆጣችም። አንድ ነገር ከሌላው ጋር እየገጠመላት ነው፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

«የሺ» አለች። «ስሞቹንስ ማነው የነገረሽ?»

የሺሐረግ ያኔ ነው የምር ማልቀስ የጀመረችው።

*

የስሞቹ ነገር እንዲህ ነው። በአርመን መቃብር ውስጥ ስም የሌላቸው ሁለት መቃብሮች አሉ፤ ክብ ድንጋይ ብቻ። አንዱ የሰዓት ሠሪው ነው፤ ሰው ሁሉ «ሰዓት ሠሪው» ይለው ስለነበር ስሙን የያዘለት የለም። ሁለተኛዋ ለሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ሹራብ እየሠራች የምትሰጥ አሮጊት ነበረች፤ «ማዳም ሹራብ» ነበር የምትባለው። እቴነሽ ራሷ ማዳም ሹራብ የሠራችላትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነው ያደገችው። ሁለቱም ዘመድ አልነበራቸውም። ሙሴ ሰርኪስ እንደነገሯት ማዳም ሹራብ በሕፃንነቷ የቱርክ ወታደር እናትና አባቷን ገድሎባት፣ በእግሯ በረሃ አቋርጣ፣ በወላጅ አልባ ማሳደጊያ አድጋ ነው እዚህ የደረሰችው።

እቴነሽን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። እኔ ስሞት እነዚህን ሁለቱን የሚያውቅ ይጠፋል፤ ስማቸው ቢጻፍ ግን ይቀራል። ዓይኗ እንደዳነ ድሬዳዋ ልሂድ አለች። እዚያ ማዳም ቬርጂን የሚባሉ አርመን አሮጊት ነበሩ፤ ማዳም ሹራብንም ሰዓት ሠሪውንም በደንብ ያውቋቸዋል።

የሺሐረግ ደነገጠች። ማዳም ቬርጂን የሃጎፕን ሞት ሰምተው ይሆናል፤ እቴነሽ በሩን ገፋ ስታደርግ ነፍስ ይማር ቢሏትስ? «ምን ያንከራትትሻል በዚህ ጉልበት!» አለቻት። «ሃጎፕ እያለልሽ! እኔ አስጠይቅልሻለሁ።» ትኬቱን ሳይቀር አስመለሰቻት። እቴነሽም ቀረች፤ ጠበቀች፤ «መለሰልሽ?» እያለች ጠየቀች። በየሳምንቱ ጠየቀች። የሺሐረግ መድረሻ አጣች። የፈረንጅ ስም ከየት ታምጣ? እሷ የምታውቀው የፈረንጅ ስም ከቴሌቪዥኑ የሚወጣውን ብቻ ነው፤ እሱም ማታ ማታ ሰዓዲያ ሻይ ቤት ከሚያዩት፣ በአማርኛ ከተተረጎመው የቱርክ ተከታታይ ድራማ። እቴነሽ ስክሪን ዓይኗን ስለሚያቃጥላት ድራማ አታይም።

እናም አንድ ቀን የሺሐረግ እየሮጠች መጣች፤ «መለሰ! ሰዓት ሠሪው ኦርሃን ነው፤ ማዳም ሹራብ ጉልሱም ናት።»

እቴነሽ ያን ቀን ያልሳመችው ሰው የለም። ቶሌሳ ከብረት ሰሌዳ ላይ ፊደሎቹን በይዶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ተከለላት። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው መቃብሩ ጋ ስትደርስ «እንዴት አደሩ ኦርሃን፣ እንዴት አደርሽ ጉልሱም» ትላለች። ማዳም ቬርጂን አምና በጥቅምት ሞቱ። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው የለም።

*

«ከድራማው ነው» አለች የሺሐረግ በእንባ መሃል።

«ከየቱ ድራማ?»

ሰዓዲያ ናት የመለሰችው። «ከቱርኩ እትዬ። እኔ ሰሌዳውን ሳይ፣ ይሄ ያ ሀብታሙ ሰውዬ አይደለም እንዴ ብዬ ነበር።»

«ባለቤቴም ብላኝ ነበር» አለ ቶሌሳ፣ ግንባሩን እየጠረገ። «እኔ ደግሞ... ዱጋ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቱርክም ሆነ አርመን ያው ፈረንጅ ነው አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

እቴነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሁለቱም ክርኗን አጥብቀው ያዙ፤ ልትወድቅ መስሏቸው። እሷ ግን አልወደቀችም።

«ልቀቁኝ» አለች። «ማዳም ሹራብ ከቱርክ ያመለጠች ሴት ናት። እግሯ ደምቶ፣ እናትና አባቷ ተገድለውባት። እኔ በየቅዳሜው የቱርክ ስም እየጠራሁ እንዴት አደርሽ ስላት ከረምኩ።» ወደ የሺሐረግ ዞረች። «ሃጎፕ ቢሞት አብሬው የምቀበር መስሎሽ ነበር? አለቅሰዋለሁ፣ ጥቁር እለብሳለሁ፣ ከዚያ ድሬዳዋ እሄድ ነበር። ማዳም ቬርጂን በሕይወት ነበሩ እኮ፣ የሺ። ስማቸው በአንዲት አሮጊት አፍ ውስጥ ነበር። አንቺ ትኬቴን አስመለስሽኝ።»

«ለዓይንሽ ብዬ ነው» አለች የሺሐረግ።

«ዓይኔ ይኸው ደህና ነው።»

ስልክ ጮኸ። የወንድምአገኝ ነው። ሹሻንን የሚያመጣው ሾፌር ነበር፤ ቦርደዴን አልፈናል፣ ዳገቱን ልንጀምር ነው አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

«ሰሌዳውን ሲሚንቶ ለብጬ ልድፈነው?» አለ ቶሌሳ። «ቶሎ ይደርቃል።»

«ምን ሲሚንቶ አስፈለገ?» አለ ወንድምአገኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅቷ የአማርኛ ፊደል አትለይም። ደህና ነገር እናነብላታለን። “የአርመን እናት” ይላል ብንላት ማን ያውቃል? እሷም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ምን ክፋት አለው እትዬ?»

እቴነሽ ጥቁር ነጠላዋን ከሳጥን እያወጣች ነበር። እጇ ቆመ።

«ለእሷም ልታቆዩላት ነው?» አለች።

*

ሹሻን ረጅም ሴት ናት፤ የሃጎፕ አፍንጫ አላት። ከመኪናው ወርዳ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ «አካም ጅርቱ!» ስትል ቶሌሳ ጭንቀቱን ረስቶ ሳቀ። አባቷ ያስተማራት ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋም የአባቷ ነው፤ ዛሬ ማንም የማይለውን «እጅግ ደስ ብሎኛል» ትላለች። እቴነሽን ስታይ ማንም ሳያሳያት ሄዳ አንገቷን አቀፈቻት። ያኔ ነው እቴነሽ ያለቀሰችው። ብዙ ጊዜ አልወሰደም፤ ግን ሰዓዲያ ያዘጋጀችው መሐረብ ሥራ አገኘ። የሺሐረግ ራቅ ብላ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ከለቅሶ ውጪ ስትቀር ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ወደ መቃብሩ ወጡ። እቴነሽ ዳገቱ ላይ ጉልበቷ ሲይዛት ቆመች። የሺሐረግ እንደ ልማዷ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። እቴነሽ የቶሌሳን ትከሻ ያዘች።

ሹሻን በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። በኖራ የነጡትን ድንጋዮች አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ በአርመን ፊደል የተጻፉትን በራሷ ቋንቋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። የአያቷ የአባት ስም ጋ ስትደርስ ድንጋዩን ሳመችው። «እንዴት ያምራል» አለች። «አባቴ፣ አርመን መቃብር ካናዳ እንኳ እንዲህ ንጹሕ አይደለም ይል ነበር። በስልክ ፎቶ አሳይታው ነበር፣ ሕይወት።» ከዚያ ወደ እቴነሽ ዞረች። «ሁለት ሰዎች ነበሩ አለኝ፤ ጽሑፍ የላቸውም። ሰዓት የሚሠራና አንዲት አሮጊት። ስማቸውን ንገረኝና ልጻፈው አልኩት። አመመኝ፣ አሁን አልችልም፣ ስትሄጂ እቴነሽን ጠይቂ፣ ሁሉንም እቴነሽ ታውቃለች አለኝ።»

እቴነሽ ጥቁር ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ሰሌዳዎቹ አየች።

ሹሻን ሁለቱን የብረት ሰሌዳዎች አየቻቸውና ፊቷ በራ። «አሃ! ጽፈሻቸዋል!» አለች። ተንበርክካ ጣቷን በጥቁሩ ፊደል ላይ አስኬደች። «ይሄ ምን ይላል?»

ወንድምአገኝ ፈጥኖ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ኮቱን አስተካከለ። «ይሄ እንግዲህ...» አለ፤ «ይሄ የሚለው፣ በክብር...»

«ኦርሃን ይላል» አለች እቴነሽ።

የሹሻን ጣት ፊደሉ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብላ እቴነሽን አየቻት፤ ከዚያ ሁሉንም አየቻቸው፤ ዳኛውን፣ ድስት የለቀቀውን ቶሌሳን፣ ሰዓዲያን፣ በሩ ስር የቆመችውን የሺሐረግን።

«ኦርሃን?» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ? ኦርሃን ማነው?»

ነፋሱ ባሕር ዛፉን አንኮሻኮሸው። ጋሽ ህሩይ እንኳ አልሳሉም።

«እሷን ጠይቂያት» አለች እቴነሽ፣ በአገጯ ወደ የሺሐረግ እያመለከተች። «የወለደችው እሷ ናት።»